እጅ ከማውጣት በፊት፦ የክልል ምክር ቤት ተመራጭና የጥቅም ግጭት

አንድ ነገር እናስብ። ጉራጌ ዞን፣ ጉመር ወረዳ፣ አረቅጥ ላይ አዲስ መናኸሪያ ሊሠራ ነው እንበል። ሁለት ቦታ ታጭቷል፤ አንዱ ከተማው መግቢያ ላይ፣ ሌላው ከገበያው ጀርባ። ገንዘቡ ከክልል በጀት የሚወጣ ስለሆነ ጉዳዩ ክልል ምክር ቤት ደርሷል። ከጉመር የተመረጡት አባል ደግሞ ጉዳዩን የሚያየው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ አሉ። ሰውየው የተመሰገኑ ናቸው፤ ጉቦ ሲበሉ ያየ የለም። ብቻ የባለቤታቸው ወንድም ከገበያው ጀርባ ሰፊ ቦታ አለው። መናኸሪያው እዚያ ከሆነ ሻይ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ የእህል መጋዘኑም በእሱ ቦታ ላይ ይቆማል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አባሉ እጃቸውን አወጡና «ከገበያው ጀርባ ይሻላል፤ ገበሬው ድንቹንና ገብሱን አውርዶ እዚያው ይሸጣል» አሉ። ምክንያታቸው ውሃ ያነሳል። ቦታውም በእርግጥ የተሻለው ሊሆን ይችላል። ታዲያ ምን አጠፉ?

ያጠፉት ሳይናገሩ በተዉት ነገር ነው። «እዚያ ሰፈር የአማቼ ቦታ አለ» አላሉም። ነገ መናኸሪያው ተሠርቶ ያ ቦታ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ ትናንት የሰጡት ጥሩ ምክንያት ዋጋ ያጣል። የአረቅጥ ሰው ቡናውን እየጠጣ «ለካ ለዚህ ነው!» ይላል። ውሳኔው ትክክል ቢሆንም እምነቱ ሄደ።

ታሪኩ ለማስረዳት የተፈጠረ ነው፤ የማንም አይደለም። ነገር ግን የጥቅም ግጭት የሚባለው ጉዳይ ከነሙሉ መልኩ እዚህ ውስጥ አለ። ይህ ጽሑፍ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ሕጋችን ምን እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚጎድልና መራጩ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በቀላሉ ያስረዳል።

የጥቅም ግጭት ምንድን ነው?

አንድ ሰው ለሕዝብ እንዲወስን አደራ ተሰጥቶት፣ የሚወስነው ነገር ደግሞ የራሱን ወይም የቅርብ ሰውን ኪስ፣ መሬት፣ ሥራ ወይም ወዳጅነት የሚነካ ሲሆን የጥቅም ግጭት ተፈጠረ ይባላል። ሰውየው ገና ምንም አላደረገም። የቆመበት ቦታ ብቻ ነው ችግር ያለበት።

ከሙስና የሚለየውም በዚህ ነው። ሙስና ድርጊት ነው፤ የጥቅም ግጭት ሁኔታ ነው። ሙስና ሲፈጸም ወንጀል ይሆናል። የጥቅም ግጭት ግን ማንም ላይ ሊደርስ የሚችል፣ በራሱ የማያሳፍር ነገር ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይቀሬ ነው። ጉመር ተወልዶ፣ ጉመር አግብቶ፣ ጉመር ነግዶ ከጉመር የተመረጠ ሰው በወረዳው ከሚነሳ ጉዳይ ሁሉ ዘመድ ባያጣ አይገርምም። ጥያቄው ግጭቱን ሲያገኘው ምን ያደርጋል ነው፤ ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ዞር ይላል ወይስ ይቀመጣል?

መልኩ ብዙ ነው። በገንዘብ ሊመጣ ይችላል፦ ተመራጩ ድርሻ ያለው ድርጅት በመንግሥት ጨረታ ይወዳደራል። በዘመድ ሊመጣ ይችላል፦ እንደ መናኸሪያው ታሪክ። በመረጃም ይመጣል፦ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ሕዝቡ ሳይሰማ የሰማ ሰው ቀድሞ መሬት ይገዛል፤ ከዚያ ካሳ ይጠብቃል። በሥራ ተስፋም ይመጣል፦ ዛሬ የሚቆጣጠረው ድርጅት ነገ የሚቀጥረው ከሆነ ዛሬ አይጨክንበትም።

በስጦታም ይመጣል። እዚህ ላይ አገሬው ራሱ የሚያውቀው ነገር አለ። መስቀል ሲደርስ፣ ወይም አረፋ ሲደርስ፣ ጉራጌ ካለበት ተነስቶ አገር ቤት ይገባል፤ ዘመድ ለዘመድ ይዞ ይመጣል። ያ ስጦታ ባህል ነው፣ ውድ ነገር ነው። ነገር ግን የመንገድ ሥራ የያዘ ተቋራጭ ለመስቀል ብሎ ሰንጋ በሬ ተመራጩ ደጅ ቢያስርስ? በሬው ያው በሬ ነው፤ የመጣበት መንገድ ግን ሌላ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ሰውየው ወንበሩን ቢለቅ ያ በሬ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣል ወይ? የማይመጣ ከሆነ ለወንበሩ የመጣ ነው።

የጥቅም ግጭት ያልሆነውስ?

ቃሉ በየቦታው ሲወረወር ስለሚሰማ፣ ያልሆነውንም መለየት ያስፈልጋል።

የጉመር ተመራጭ «ለጉመር መንገድ ይሠራ፣ ለአረቅጥ ውሃ ይግባ» ብሎ ቢሟገት የጥቅም ግጭት የለበትም። የተላከበት ሥራው ነው። መንገዱ ሁሉንም እኩል ይጠቅማል፤ እሱም እንደ አንድ ነዋሪ ይሄድበታል። ግጭት የሚሆነው ጥቅሙ ከሌላው ነዋሪ ተለይቶ ለእሱ ወይም ለወገኑ ሲደርስ ነው።

በፖለቲካ አቋም መለያየትም የጥቅም ግጭት አይደለም። በነሐሴ 2014 የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ከሌሎች ዞኖች ጋር በአንድ ክልል (በክላስተር) የመደራጀቱን ሐሳብ ሳይቀበለው ቀርቷል። አባላቱ የደገፉም የተቃወሙም ነበሩ። የደገፈው «ተገዝቶ ነው»፣ የተቃወመው «ተልኮ ነው» መባባሉ በየሰፈሩ ቀላል ነው። ነገር ግን ለድምፁ የተከፈለው ነገር መኖሩ እስካልታየ ድረስ ያ ድምፅ ሐሳብ ነው። ሕገ መንግሥቱም የሕዝብ ተወካይ በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና በተናገረው ሐሳብ እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ጥቅምን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሐሳብን በጥቅም ስም መምታት ግን ሌላ በደል ነው።

የሚመለከታቸው እነማን ናቸው?

አረቅጥ ያለ ሰው በላዩ ብዙ ምክር ቤት አለው። ቀበሌው አለ፤ የጉመር ወረዳ ምክር ቤት አለ፤ ወልቂጤ ላይ የዞኑ አለ፤ ከዚያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ምክር ቤት፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ክልሉ አዲስ ነው፤ የቀድሞው የደቡብ ክልል ሲከፋፈል በነሐሴ 2015 የተመሠረተ ነው። አዲስ ቤት ሲሠራ መሠረቱ ላይ የሚጣለው ድንጋይ ወሳኝ እንደሚሆን ሁሉ፣ አዲስ ክልል የሥነ ምግባር ልማዱን የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው።

የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ይህን ያለው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ነው። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ርዕሰ መስተዳድሩን ይመርጣል፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ሹመት ያጸድቃል፣ ከዚያም እነዚያኑ ሹሞች ይቆጣጠራል። ትልቅ ሥልጣን ነው። ሥልጣኑን የያዙት ሰዎች ግን አብዛኞቹ የሙሉ ጊዜ ሥራቸው ምክር ቤት አይደለም። አፈ ጉባኤውና ጥቂት የኮሚቴ ሰብሳቢዎች ሲቀሩ፣ ሌላው በዓመት ለጥቂት ጉባኤዎች ይሰበሰብና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥራውስ ምንድን ነው? አንዱ መምህር ነው፣ ሌላው የጤና ባለሙያ። ብዙው ግን የመንግሥት ኃላፊ ነው፤ የቢሮ፣ የዞን፣ የወረዳ መሪ።

የእኛ አገር ልዩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር ጽሑፎች ስለ ተመራጭ የጥቅም ግጭት ሲያወሩ በብዛት የሚያነሱት ኩባንያና አክሲዮን ነው። በእኛ ዘንድ የሚበዛው ግጭት የሁለት ወንበር ግጭት ነው። ጠዋት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆኖ ሪፖርት ያዘጋጀ ሰው፣ ከሰዓት የምክር ቤት አባል ሆኖ ሪፖርቱን ለማጽደቅ እጁን ያወጣል። የኦዲተሩ ሪፖርት ስለ እሱ መሥሪያ ቤት ሲቀርብም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። አበው «የአይጥ ምስክር ድንቢጥ» ይላሉ። እዚህ ግን ድንቢጥም አላስፈለገችም፤ አይጧ ለራሷ ትመሰክራለች።

ይህ ሲባል አንድ ሰው አባልም ሹምም መሆኑ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ርዕሰ መስተዳድር ከምክር ቤቱ አባላት መካከል የሚመረጥበት የፓርላማ ሥርዓት ነው የያዝነው፤ እንግሊዝም እንዲሁ ነው። የትርፍ ጊዜ ተመራጭም እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። በአሜሪካ የኒው ሃምፕሸር ግዛት የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት አሉት፤ ለእያንዳንዱ የሚከፈለው በዓመት 100 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ የሚኖር የለም፤ ሁሉም ሌላ እንጀራ አለው። የትርፍ ጊዜ ተመራጭ ባለበት አገር ሁሉ ስለዚህ «ሌላው እንጀራህ ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

ከላይ እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል እንደሚጠየቅ፣ ሕዝቡም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 54 ደግሞ የፌዴራል ተወካይ ተገዢነቱ ለሦስት ነገር ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ለአማቹ የሚል የለበትም።

ሁለተኛው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ነው። አዋጁ ተሿሚ፣ ተመራጭና የተወሰነ የመንግሥት ሠራተኛ የራሱን፣ የትዳር ጓደኛውንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ሀብት እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የቤት ዕቃና የግል መገልገያ፣ ገና ያልተከፈለ ጡረታ፣ ከዘመድ ጋር በውርስ የተያዘና ያልተከፋፈለ ንብረት አይመዘገቡም። የፌዴራሎቹን የሚመዘግበው የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑ የተቋቋመው በ1993 ሲሆን በ2013 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1236 እንደገና ተደራጅቷል። ክልሎች የየራሳቸውን ሹምና ተመራጭ በየራሳቸው ሕግና ኮሚሽን ይመዘግባሉ።

ሦስተኛው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው። የወንጀል ሕግ ስለሆነ የክልልና የፌዴራል ተመራጭ ብሎ አይለይም። በሥልጣን አላግባብ መገልገል፣ የማይገባ ጥቅም መቀበል፣ ዋጋ ያለውን ነገር ያለ ክፍያ ወይም በማይረባ ክፍያ ማግኘት፣ በተሰሚነት መነገድ፣ ምንጩ ያልታወቀ ሀብት መያዝ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይቀጣሉ። ያ የመስቀል ሰንጋ በሬ ወደዚህ አዋጅ በር የሚያደርሰው መንገድ ረጅም አይደለም።

አራተኛው የምክር ቤቶች የውስጥ ደንብ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 6/2008ን አውጥቷል። የክልል ምክር ቤቶችም የየራሳቸው የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ይኖራቸዋል። ለአንድ አባል የዕለት ተዕለት ሥራው መመሪያ ይኸው ነው፤ እንዴት ይናገራል፣ መቼ ዞር ይላል፣ ቢያጠፋ ማን ያየዋል የሚለው ሁሉ የሚታየው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ያለመከሰስ መብት። ተወካይ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም። መብቱ የተሰጠው ሹም የማይወደውን ነገር የሚናገር ተመራጭ እንዳይታፈን ነው። ለዘራፊ መደበቂያ እንዲሆን አይደለም፤ ምክር ቤቱ ሲያምንበት ያነሳዋል። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት አቶ ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ከሥልጣን ተነሱ፤ በ1992 በሙስና ተፈርዶባቸው 18 ዓመት እስራት ተወሰነባቸው፤ በ2001 ተፈቱ። ያ ጉዳይ ሕጉ ትልቅ ሰው ላይም እንደሚደርስ አሳይቷል። ነገር ግን የወንጀል ሕግ የሚደርሰው ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። የጥቅም ግጭት ሕግ ሥራው ክብሪቱ ሳይጫር መድረስ ነው።

ክፍተቱ የቱ ጋ ነው?

ወደ መናኸሪያው እንመለስ። አባሉ ሀብታቸውን በሥርዓቱ አስመዝግበዋል እንበል፤ ቤታቸውን፣ ማሳቸውን፣ የባንክ ሒሳባቸውን። የአማታቸው ልጅ ቦታ ግን በዚያ መዝገብ ላይ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ የፌዴራሉ አዋጅ ለምዝገባ ቤተሰብ የሚለው የትዳር ጓደኛንና አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆችን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቤተሰብ የሚባለው ከዚያ በጣም ይሰፋል። ወንድም፣ አማች፣ አበልጅ፣ የእቁብ ጓደኛ፣ መርካቶ ውስጥ አብረው ሱቅ የከፈቱት ያገር ልጅ አለ። ገንዘብ በስም ሳይሆን በእምነት ይሽከረከራል። ስለዚህ የሀብት መዝገብ የቱንም ያህል ቢጠነክር ብቻውን የጥቅም ግጭትን አይዝም። ይህን የሚይዘው ስብሰባው ላይ በአፍ የሚነገርና በቃለ ጉባኤ የሚጻፍ ማሳወቅ ነው። አጀንዳው ሲከፈት አፈ ጉባኤው ወይም የኮሚቴው ሰብሳቢ «በዚህ ጉዳይ ጥቅም ያለው አባል አለ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ቢያደርገው፣ ከብዙ ሰነድ ይበልጥ ነበር።

ሁለተኛው ክፍተት ማየቱ ላይ ነው። የተመዘገበ ሀብት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው በጽሑፍ ጠይቆ ማየት ይችላል። የቤተሰብ አባላት ሀብት ግን በምስጢር ይያዛል። አንድ ተመራጭ ቤቱን በሚስቱ ስም ካደረገ፣ መዝገቡ ያውቃል፤ መራጩ አያውቅም። ከዚህም በላይ «ጠይቄ ልየው» ብሎ የሚሄድ ዜጋ በጣም ጥቂት ነው። መብቱ መኖሩን የሚያውቀውም ጥቂት ነው።

ሦስተኛው የሁለት ወንበር ጉዳይ ነው። አንድ አባል የራሱ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ሲታይ ድምፅ ይሰጣል ወይስ ዝም ይላል? የራሱን ወረዳ የኦዲት ግኝት በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች በደንብ ላይ ቁልጭ ብለው መጻፍ አለባቸው። ለአባሉ ይሉኝታ ከተተወ፣ ይሉኝታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ «ወንድሜን እንዴት ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ?» ያሰኛል። ያኔ ቁጥጥሩ ቀርቶ እከክልኝ ልከክልህ ይሆናል።

አራተኛው ግምገማ ነው። በአገራችን የሹምና የተመራጭ ሥነ ምግባር ለብዙ ዓመታት ሲታይ የኖረው በፓርቲ ግምገማ ነው። ግምገማ ጥርስ አለው፤ ከሥልጣን ያወርዳል፣ ያስደነግጣል። ነገር ግን በሩ ዝግ ነው። መራጩ የሚሰማው «እገሌ ተነሳ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ለምን እንደተነሳ፣ ያጠፋው ምን እንደሆነ፣ ሌላው ለምን እንዳልተነሳ አይነገረውም። ፓርቲ አባሉን መገምገሙ የራሱ ጉዳይ ነው። የምክር ቤት ሥነ ምግባር ግን የሕዝብ ጉዳይ ስለሆነ የሕዝብ መዝገብ ያስፈልገዋል።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል?

እንግሊዝ ውስጥ የፓርላማ አባላት የገቢና የጥቅም መዝገብ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ሁሉም ሰው ሊያየው ይችላል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) አባላት ገንዘብ ተቀብለው በፓርላማ ጥያቄ ያቀርባሉ የሚል ቅሌት ሲፈነዳ የኖላን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በማግስቱ ዓመት ለማንኛውም የሕዝብ ሥራ የሚሆኑ ሰባት መርሆዎችን አወጣ። መርሆ ግን ብቻውን ሰው አይጠብቅም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ኦወን ፓተርሰን የተባሉ የፓርላማ አባል ለሚከፍሏቸው ሁለት ኩባንያዎች መንግሥትን ሲወተውቱ ተገኙ። ገዢው ፓርቲ ሊያድናቸው የቅጣቱን ሥርዓት ራሱን ለመቀየር ሞከረ። ጩኸቱ ስለበረታ በማግስቱ ሐሳቡን አጠፈ፤ ሰውየውም ወንበራቸውን ለቀቁ። ኩባንያዎቹ በመዝገቡ ላይ ነበሩ፤ ያ ባይሆን ኖሮ ጩኸቱን ማን ያስጀምረው ነበር?

አፍሪካም ዝም አላለችም። በደቡብ አፍሪካ የፓርላማ አባላት የጥቅም መዝገብ በየዓመቱ ለሕዝብ ይወጣል፤ ጋዜጠኛው ያገላብጠዋል፣ መራጩ ያየዋል። ኬንያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአመራርና የሐቀኝነት ሕግ አወጣች፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጥቅም ግጭትን ለብቻው የሚገዛ ሕግ ጸደቀ። ሁለቱም አገሮች ከሙስና ነጻ አልወጡም። ነገር ግን አንድ ጋዜጠኛ ወይም መራጭ «ይህ ነገር አልተመዘገበም» ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ሰነድ አላቸው።

የራሳችን ልማድ

ስለ ጥቅም ግጭት ከፈረንጅ ብቻ የምንማር እንዳይመስለን። ሰባት ቤት ጉራጌ በየጆካ ሸንጎ ባህላዊ ሕጉን (ቅጫውን) ሲያወጣና ሲዳኝ፣ ክስታኔ ጎርደና ሴራ በሚባለው ባህላዊ ሕጉ ሲተዳደር ኖሯል። ሽምግልና በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አንድ ያልተጻፈ ነገር አለ፤ ባለጉዳዮቹ ሽማግሌውን ያዩታል። ከአንደኛው ወገን የተጣበቀ ሽማግሌ ከሆነ «እሱ ዘመዱ ነው፣ ይውጣልኝ» ይባላል። አይቀየምም፤ ይነሳል። ቢቀየም እንኳ ውሳኔው አይጸናም።

እቁብም ያው ነው። ዕጣው የሚወጣው ሰው በሙሉ እያየ ነው። ዳኛው ስለማይታመን አይደለም፤ ሁሉም ካየው በኋላ ዳኛው ራሱ ቢደርሰው እንኳ «ዕድሉ ነው» ይባላል። በ1950ዎቹ የጉራጌ ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ አገሩን በመንገድ ሲያገናኝ፣ ገንዘቡ የተሰበሰበው በእንዲህ ያለ መተማመን ላይ ቆሞ ነው። መንገድ በማን ማሳ እንደሚያልፍ መወሰን ያኔም ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ተረቱ የኖረውን አይቶ የተተረተ ነው። ይሁንና ያው ሕዝብ በእቁቡና በሽምግልናው ውስጥ ተረቱን የሚሽር ሥርዓት ሠርቶ ኖሯል። የሚቀረው ያን ሥርዓት ወደ ምክር ቤት አዳራሽ ማስገባት ነው።

መራጩስ ምን ያድርግ?

አረቅጥ፣ ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ ያለ አንባቢ «እኔ ምን አቅም አለኝ?» ሊል ይችላል። ያለው አቅም ከሚመስለው ይበልጣል።

አንደኛ፣ ተመራጩ ሕዝቡን ሊያወያይ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ሀብትዎን መቼ አስመዘገቡ? መቼ አደሱት? ባለፈው ዓመት የግል ጥቅም ያለዎት ጉዳይ ገጥሞዎት ከድምፅ የተነሱበት ጊዜ አለ? በአክብሮት ይጠየቅ። ሦስተኛው ጥያቄ «አንድም ጊዜ አልገጠመኝም» ከተባለ በደንብ ይደመጥ፤ በትንሽ አገር እንዲህ ያለ ንጽሕና ብርቅ ነው።

ሁለተኛ፣ በጽሑፍ ይጠየቅ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ መብት ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ያጣ ሰው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የጨረታ ውጤት፣ የመሬት ምደባ ውሳኔ ሁሉም የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው። ሲጠየቅ ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ ይሁን፣ ቅጂው ገቢ ተደርጎ ማኅተም ይመታበት። ያለ ማኅተም የቀረበ ጥያቄ አልቀረበም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥቆማ። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በክልልም በፌዴራልም አለ፤ በመሥሪያ ቤቶችም የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። ጠቋሚን ከበቀል የሚጠብቅ ሕግም ወጥቷል፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው። ጥቆማ ግን ሐሜት አይደለም። ቀን፣ ቦታ፣ የጨረታ ቁጥር፣ የመሬቱ አድራሻ ካለው ይሠራል። «እገሌ ሌባ ነው» ብቻ ከሆነ ንጹሕ ሰውን ያቆሽሻል፣ ሌባውንም ያነቃል።

አራተኛ፣ ወንበሩ ራሱ። ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከጊዜው በፊት ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ከዚያ መለስ ሲል ደግሞ የምርጫ ቀን አለ። የምርጫ ቅስቀሳ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ከሚሰጠው ተስፋ ጎን «ሀብቴን ለመራጬ አሳያለሁ፣ ጥቅም ባለበት ጉዳይ እነሳለሁ» የሚል ዕጩ ካለ ቃሉ ይያዝበት። ከሌለ ይጠየቅ።

የተመራጩም ድርሻ ከባድ አይደለም። ከጉመር የተላኩት እኚያ አባል ኮሚቴው ሲሰበሰብ «ከገበያው ጀርባ የባለቤቴ ወንድም ቦታ አለው፤ በዚህ አልወስንም» ብለው ከአዳራሹ ቢወጡ ምን ያጡ ነበር? ምንም። ኮሚቴው ሁለቱን ቦታ አይቶ፣ ምናልባትም ያንኑ የገበያውን ጀርባ ይመርጥ ነበር። መናኸሪያው ይሠራል፣ የአማታቸው ልጅ ቦታም ዋጋው ይወጣል። ልዩነቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፤ «አባሉ ጥቅም እንዳላቸው አሳውቀው ከውይይቱ ተነስተዋል።» የአረቅጥ ሰው ቡናውን እየጠጣ ስለ መናኸሪያው ሲያወራ ነገሩ እዚያች መስመር ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ይጀምራል።